በጥሞና ሰዓት ጮኸሃል ተባልኩ

ከሐዋሳ ልወጣ ዋዜማ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤታችን በጎረቤትና በጸሎት ቡድን ከመሙላቱ የተነሣ ሻንጣዬ ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ላሊሶ የሚባሉት የሰፈራችን ሽማግሌ መንገዴን ሊባርኩ ተነሡና በየመንገዱ ያለውን ከተማ አንድ በአንድ እየጠሩ ጸለዩ። በጸሎቱ ሞጆ ስንደርስ አክስቴን እንቅልፍ ወሰዳት፣ ጀርመን ስንገባ ራቱ ቀዝቅዞ ነበር።

በማግሥቱ እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል እጄን ያዘችና፣ "በየቀኑ የጥሞና ጊዜ ይኑርህ፤ አንተና ጌታ ብቻ። መናገሩን ታውቅበታለህ፣ መስማቱን ልመድ። እሑድ እሑድ እየደወልኩ ምን እንደነገረህ እጠይቅሃለሁ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ሰው አውቶቡስ ሲነሣበት እሺ የማይለው ነገር የለም።

እዚህ ጀርመን ጠዋት ቋንቋ እማራለሁ፣ ወደ ማታ አረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፣ መሃል ያለውን ሰዓት ስልኬ ይበላዋል። ዳቦው ጥቁርና ድርቅ ያለ ነው። ዓሣም አለ፣ ግን ሆምጣጤ ውስጥ ተዘፍዝፎ በጠርሙስ ይሸጣል። ሐይቃችን ዳር ትኩሱን ጥብስ ሎሚ ጨምቆ የለመደ ሰው ይህን ሲያይ ለራሱ ሳይሆን ለዓሣው ያዝናል። ጥሞናውስ ካላችሁኝ፣ እሱ ነገ ነገ እየተባለ ወራት አለፉ። እናቴ ግን እሑድን ረስታ አታውቅም።

"ጌታ ምን ነገረህ?"

"በርታ አለኝ፣ እማ።"

"ባለፈው እሑድም በርታ ነው ያለህ። ከዚያ በፊት ባለውም። ጌታ ሌላ ቃል አጣ?"

አፈርኩ። በዚያው ሳምንት የሕንፃችን ደረጃ ሥር የተለጠፈ ወረቀት ዓይኔ ውስጥ ገባ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሩኸሳይት ይላል። መዝገበ ቃላት ብገልጥ ሩኸ ጸጥታ ነው፣ ሳይት ጊዜ። የጸጥታ ጊዜ፤ እኛ ጥሞና የምንለው ማለት ነው። ሃይማኖት የለውም እየተባለ የሚታማ ሕዝብ፣ ለካ የጥሞና ሰዓት ደንግጎ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። እንባዬ መጣ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ከእናቴ በቀር ጥሞናን ዝም ብሎ የሚያደርገው የለም። ይዘመራል፣ ይጨበጨባል፣ ሰይጣን እስከ በር ድረስ ይሸኛል። በማግሥቱ ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን ክፍሌ ውስጥ እየተንጎራደድኩ በዚሁ ባህላችን ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። አከራዬ ናቸው፣ ከሥሬ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት አሮጊት፣ ፍራው ክራውዘ፣ በእኛ ወይዘሮ ክራውዘ።

"ሩኸሳይት ነው" አሉኝ።

"አዎ፣ እኔም እሱኑ እያደረግሁ ነው። ይግቡ፣ አብረን እናድርገው።"

"በሩኸሳይት ለምን ይጮኻሉ?"

"ሩኸሳይት ስለሆነ ነዋ።"

አንገታቸውን አስግገው ክፍሌን ቃኙ። "ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?"

"ከጌታ ጋር እየተነጋገርኩ ነው።"

"ታዲያ እሳቸው መቼ ነው የሚናገሩት? እኔ የሰማሁት የእርስዎን ድምፅ ብቻ ነው።"

መልሴንም ሳይጠብቁ ሁለተኛ ከጮኹ ቤቴን ይለቃሉ አሉኝና ወረዱ። ይኸው ቃል በደብዳቤም መጣልኝ፤ ከሥሬ ካለው ፎቅ፣ ቴምብር ተለጥፎበት፣ በፖስታ ቤት ዞሮ። ይህን ክፍል ያገኘሁት ስንት ደጅ ጠንቼ ነው። ብጮኽ ቤት አልባ ልሆን ነው፣ ጥሞናውን ብተወው ደግሞ እሑድ እናቴን መዋሸቴ ነው።

ምርጫ ስላጣሁ አፌን ዘጋሁ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ስልኬን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ፣ ሐይቃችን ዳር አሞራ ገደል እንደሚቆመው ትልቅ አሞራ፣ እንደ አባ ኮዳ፣ አንገቴን ቀብሬ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያ ቀን ሆዴ ሲጮኽ ሰማሁ። ሁለተኛው ቀን የማቀዝቀዣው ተራ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ተኛሁ። በአራተኛው ግን ምንም ሳይኮረኩረኝ ሆዴ ባባ። አገሬ ናፍቆኛል፣ በጣም ናፍቆኛል። ለካ ስልኩም ጩኸቱም ይህንን እንዳልሰማ መሸሸጊያዬ ነበሩ። አለቀስኩ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ ሩኸሳይት ነውና። ስጨርስ ብቻዬን የነበርኩ አልመሰለኝም።

እሑድ እናቴ የደወለችው በዚያው በሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ አነሣሁት።

"ምን ነገረህ?"

"ምንም አልነገረኝም፣ እማ" አልኳት በሹክሹክታ። "እኔም ዝም አልኩ፣ እሱም ዝም አለ። ግን አብሮኝ ነበር መሰለኝ።"

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ዛሬ አልዋሸኸኝም" አለች። ቀጥላም፣ "መቼ እንደምትመጣስ አልነገረህም?"

"አልነገረኝም።"

"ለእኔም አልነገረኝም። በየቀኑ እጠይቀዋለሁ።"

ከዚያ ሁለታችንም ቃል አጣን፤ ስልኩን የዘጋ ግን የለም። ከጀርባዋ ባጃጅ አለፈ፣ ቀጥሎ የጎረቤታችን ዶሮ ጮኸ። ፍራው ክራውዘ እንዳይሰሙት የስልኩን ድምፅ ልቀንስ ጣቴን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።