ትማር

ልጅ እጁን ወደ ፍም ሲዘረጋ እያየ ዝም የሚል ሰው፣ እናንተ አስተማሪ ትሉታላችሁ?

ልጅ ሳለሁ፣ የአባቴ እህት እትዬ ዘነበች በየምሽቱ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ተረት ታወራልን ነበር። ያኔ የኩራዙ ጥላሸት ግድግዳውን እያጠቆረው፣ እርጥቡ እንጨት ሲጨስ ዓይናችንን እያሸን፣ ከአፏ አንድ ቃል እንዳያመልጠን ትንፋሻችንን ውጠን እንሰማት ነበር። ከሁሉ የምወደው ፍም በመዳፏ ይዛ ጨለማ ስላቋረጠችው ልጅ የምትነግረንን ነው፤ ፍሙ እጇ ላይ ወርቅ ይሆንላታል። አንድ ምሽት፣ መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ልገባ ዩኒፎርም ተሰፍቶልኝ ሳለ፣ እኔም እጄን ወደ ፍሙ ሰደድሁ።

«ኧረ ልጅቷ!» ብላ እናቴ ብድግ አለች።

«ተዪያት፣» አለች እትዬ ዘነበች። «ትማር!»

እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች። አባቴም አየኝ። ሁሉም እያዩኝ ፍሙን ጨበጥሁት።

ቁስሉ ሲድን ጣቶቼ ከመዳፌ ጋር ተጣብቀው ቀሩ። መስከረም ጠባ። «በምን እጇ ልትጽፍ ነው?» አለ አባቴ፤ ዩኒፎርሜ ለታናሽ እህቴ ተሰጠ። የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እየለቀምሁ ብቻዬን ማንበብ ለመድሁ፤ ክፍል ውስጥ ግን አንድም ቀን አልተቀመጥሁም። ይህንንም የምጽፈው በግራዬ ነው።

እዚህ ላስ ቬጋስ፣ በሆቴል ላውንደሪ አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ አንዲት ጃፓናዊት ነበረች። ጠባሳዬን አይታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። «በእኛ አገር ተጎድቶ የተማረ ሰው ‹ኢታይ ሜ› ገጠመው ይባላል፤ የሚያም ዓይን እንደማለት ነው» አለችኝ። የያዝሁት አንሶላ ወደቀ። ከጋዜጣው ወዲያ ስንት መጽሐፍ ሳገላብጥ ያላገኘሁትን ስም የሥራ ሰዓታችን ሊያልቅ ሲል ሰጠችኝ። የፍሙ ሕመም እኮ ከጠፋ ቆየ። እስከ ዛሬ የሚያሙኝ እነዚያ ዓይኖች ናቸው።

እዚሁ ከተማው ዳር፣ ሰመርሊን ሰፈር የምትኖረው ልጄ ይህን ስነግራት ሳቀች። «እማ፣ በቃ ሙቭ ኦን አድርጊ፣ እለፊው! ሁሉም ሞተዋል እኮ። ማሪያቸው።»

ማሪያቸው! ትምህርት በሃሌታው ሀ፣ ምሕረት በሐመሩ ሐ ይጻፋሉ፤ በአፋችን ግን «ትማር» ለሁለቱም ይሆናል። ምናልባት እትዬ ዘነበች ያለችው ሌላኛውን ይሆን እያልሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅዋን መላልሼ አዳመጥሁት። ምሕረት የለበትም።

ተምሬያለሁ። አንዳቸውንም አልምርም።