የተደፈነው መስቀል

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው አልሞተበትም፤ ፖሊስም አልመጣበትም። ግን ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ላበጥር መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ፣ ልጻፈውና ይውጣልኝ አልኩ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ አጻጻፌ ላይ ጉድለት ብታገኙ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ግንባሬ ላይ የተነቀሰ መስቀል አለ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጎንደር ገጠር ውስጥ አንዲት አሮጊት በመርፌና በጥላሸት ነቀሱኝ። እናቴ ጭንቅላቴን በጉልበቷ መሃል አጥብቃ ይዛ ነበር። በእኛ አገር ያልተነቀሰች ልጅ ስላልነበረች ልዩ ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። በስደት ካርቱም አራት ዓመት ስኖርም ስለ እሱ የጠየቀኝ የለም።

ሎስ አንጀለስ ስገባ ግን ሰው ሁሉ ያየኝ ጀመር። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ያደፈብኝ መስሏት ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ሰጠችኝ። እኔም አመስግኜ ተቀበልኩና ግንባሬን ጠረግሁ። ምን ላድርግ? ቋንቋውን አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻሼን እስከ ቅንድቤ ዝቅ አድርጌ ማሰር ለመድኩ።

የምኖረው ከአክስቴ ልጅ ከእትዬ ዘነበች ጋር ነው። እሳቸው ፌርፋክስ በሚባለው መንገድ ላይ ትንሽ ሬስቶራንት አላቸው። እኔ ኩሽና ነበር የምሠራው። አንድ ቀን አስተናጋጇ ከሥራ ስትቀርባቸው ምግብ ይዤ እንድወጣ አደረጉኝ። በሙቀቱ ምክንያት ሻሼን አውልቄ ነበር። ፓርኪንግ የሚሠራ አንድ ደንበኛ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና፣

«እትዬ ዘነቡ፣ ይህቺን ልጅ ከዳዊት ላይ ገንጥለሽ ነው እንዴ ያመጣሻት?» አለ።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እውነት ለመናገር ዓይኔ ትልልቅ ነው፤ ፊቴም ክብ ነው፤ የብራና ሥዕል መምሰሌ አልቀረም። ግን ሳህኑን አስቀምጬ ወደ ኩሽና ተመለስኩና ያን ቀን ዳግመኛ አልወጣሁም።

በሳምንቱ እትዬ ዘነበች አንድ መላ አመጡ። «ቶራንስ የማውቀው ዶክተር አለ። ያንን ነገር ያጠፋልሻል። ሐሙስ የዛሬ ሦስት ሳምንት አፖይንትመንት ይዤልሻለሁ። ሶ፣ ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት ወጥተሽ ትሠሪያለሽ፣ ኦኬ?»

«እሺ» አልኳቸው። በዚያን ጊዜ ለሁሉም ነገር መልሴ «እሺ» ነበር።

ከሬስቶራንቱ ሌላ ማክሰኞና ዓርብ ሆሊውድ አካባቢ አንድ ቤት አጸዳ ነበር። ባለቤቷ ሚስስ ሉዊዝ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ሥራቸው የተሰበረ የጥንት ዕቃ መጠገን ነው። ሰዎች ሸክላውን፣ ሐውልቱን፣ የእንጨት ሥዕሉን በሳጥን ይልኩላቸዋል፤ እሳቸው በትዕግሥት አጥበው፣ ገጥመው፣ የጎደለውን በጀሶ ሞልተው ይመልሳሉ። እኔ ወለሉንና መስኮቱን ነው የማጸዳው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ እንዳልነካ ገና በመጀመሪያው ቀን ተነግሮኛል።

የነገሩኝ፣ ሥራውንም ያስገኙልኝ፣ ረዳታቸው ዐም ጊርጊስ ናቸው። «ዐም» በዓረብኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ግብፃዊ ናቸው፤ ቅብጥ ክርስቲያን። ካርቱም የለመድኩት ዓረብኛ ከእሳቸው ጋር ያግባባን ነበር። በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ በሕፃንነታቸው የተነቀሱት ትንሽ መስቀል አለ። የሚስስ ሉዊዝ ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ዐም ጊርጊስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ነበር የሚሠሩት። እኔ ግን ሻሼን አንድ ቀንም ከፍ አላደረግሁም።

ከሐሙሱ ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አንድ ዓርብ፣ ከባድ ሳጥን መጣ። ዐም ጊርጊስ ሲከፍቱት ከገለባው ውስጥ የሴት ራስ ወጣ። ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ ነው። ፀጉሯ እንደ ውሃ ይተኛል፤ የአፍንጫዋ ጫፍ ተሰብሯል። ግንባሯ ላይ፣ ልክ የኔ ባለበት ቦታ፣ መስቀል ተቀርጿል።

«ከየት ነው የመጣችው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ከአገሬ» አሉ ዐም ጊርጊስ። «ከግብፅ። ከሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ይሆናታል።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ከግብፅ መጥታለች፤ ግንባሯ ላይ መስቀል አለ፤ ስለዚህ ቅድስት ናት። ስሟን አለመጠየቄ እስካሁን ይገርመኛል። ሁለቱም ዞር ሲሉ ጫማዬን አውልቄ አማተብኩና የጠረጴዛውን ጠርዝ ተሳለምኩ።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሥዕል እንዲሁ ተገልጦ አይውልም፤ መጋረጃ አለው። ስለዚህ ሥራዬን ስጨርስ ንጹሕ ነጭ ፎጣ አምጥቼ ሸፈንኳት። ሚስስ ሉዊዝ ለአቧራ ብዬ ያደረግሁት መስሏቸው «ቴንክ ዩ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በመጣሁ ቁጥር ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ፎጣውን እገልጣለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ መልሼ እሸፍናለሁ። ስለ ሐሙሱ ቀጠሮም ነግሬያታለሁ። ምን እንድትለኝ እንደጠበቅሁ አላውቅም።

ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ፣ ስገባ ሚስስ ሉዊዝ ለምሳ ወጥተዋል። ዐም ጊርጊስ ጓሮ ሳጥን ይቸነክራሉ። ፎጣውን ገለጥኩ።

መስቀሉ የለም።

ግንባሯ ልሙጥ ሆኗል። መጀመሪያ ሌላ ራስ የተተካ መሰለኝ፤ ግን አፍንጫዋ ያው ነው። በጣቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ለስላሳ ሆነብኝ። መስቀሉን በጀሶ ሞልተውታል፤ ጀሶውም ገና እርጥብ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን አስቤ አልሠራሁትም። ጠረጴዛው ላይ ሚስስ ሉዊዝ ጥጥ የሚጠቀልሉባቸው ቀጫጭን እንጨቶች ነበሩ። አንዱን አንሥቼ ጀሶውን ቀስ እያልኩ መጫር ጀመርኩ። መጀመሪያ ቁመቱ ወጣ፤ ቀጥሎ አግድመቱ። የቀረውን እሳቸው ሲያደርጉ እንዳየሁት ጥጥ በውሃ እያራስኩ ጠረግሁት። መስቀሉ ጥርት ብሎ ሲወጣ ከኋላዬ የበሩ ድምፅ ተሰማኝ።

ሚስስ ሉዊዝ ናቸው። እንጨቱ እጄ ላይ ነው። ጫማዬ በር ሥር ነው።

አልጮሁም። ዐም ጊርጊስን ጠሩና አጉሊ መነጽራቸውን አንሥተው ግንባሯን መመርመር ጀመሩ። ያ ጊዜ ማለቂያ የሌለው መሰለኝ። ድንጋዩ ተጭሮ ከሆነ እኔ ብቻ ሳልሆን አመልክተው ያስቀጠሩኝ ዐም ጊርጊስም ሥራቸውን እንደሚያጡ ገባኝ። እሳቸው አምስት ልጆች አሏቸው።

በመጨረሻ ሚስስ ሉዊዝ መነጽሩን አስቀመጡ። «አልተጫረም» አሉ። ቀጥለው አንድ ነገር ጠየቁ፤ ዐም ጊርጊስ አስተረጎሙልኝ። «ለምን አደረግሽው ነው የምትልሽ።»

«ቅድስት ናታ» አልኩ። «የቅድስት መስቀል እንዴት ይደፈናል?»

የዐም ጊርጊስ ጢም ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሳቅ እያፈናቸው ነው። «ልጄ፣ ይህቺ ቅድስት አይደለችም። ክርስትና ሳይገባ በፊት አረማውያን አምላክ ናት ብለው የሚሰግዱላት ጣዖት ነበረች።»

«ጣዖት?» አልኩ። ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ጫማዬን አውልቄ የሰገድኩት ታወሰኝ። ፊቴ ጋለ።

«ቆይ፣ አትደንግጪ። አያቶቻችን ክርስቲያን ሲሆኑ የቀድሞዎቹን ሐውልቶች አንዳንዱን ሰበሩ፤ አንዳንዱን ደግሞ እንዲህ ግንባሩ ላይ መስቀል ቀርጸው ተዉት። ውስጧ ያለውን ጋኔን ሊያስወጡ ይሁን እሷን ራሷን ክርስትና ሊያነሧት፣ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። እኔ ተጠምቃለች ነው የምለው። ስለዚህ ንስሐ አያስፈልግሽም።»

ሚስስ ሉዊዝ የምንባባለውን ጠየቁና ተነገራቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። የሐውልቱ ባለቤት መስቀሉን እንደ ጉዳት እንደሚያየው፣ መጀመሪያ እንደተሠራች ንጹሕ ሆና ሊያያት እንደሚፈልግ ነገሩኝ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ቅድስት መስላሽ ነው። ግን አንድ ቃል ተናግረሽ የማታውቂ ልጅ ለድንጋይ ብለሽ ሥራሽን የምታጪው ለምንድን ነው?» አሉ።

ሻሼን ፈታሁት።

ዐም ጊርጊስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሚስስ ሉዊዝ ቀርበው አዩኝ። እንደ አውቶቡሷ ሴትዮ አይደለም ያዩኝ፤ ዕቃቸውን ሲያዩ እንደሚያዩት ነው፤ በጥንቃቄ።

«ማን ሠራልሽ?»

«አንዲት አሮጊት። እናቴ ጭንቅላቴን ይዛ።»

«ጠይቀውሽ ነበር?»

«አልጠየቁኝም።»

«እሷንም አልጠየቋትም» አሉና ወደ ድንጋዩ ጠቆሙ።

ያን ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ከነገ ወዲያ ሐኪም ቆዳዬን ፍቆ ያጠፋልኛል» አልኩ። ዐም ጊርጊስ ቀና ብለው አዩኝና አስተረጎሙላቸው።

ሚስስ ሉዊዝ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ባለቤቱ መጀመሪያ ግንባሯን ፈቅፍቄ እንዳስተካክለው ነበር የጠየቀኝ» አሉ። «እምቢ አልኩት። የሞላሁትን ነገር ነገ ሌላ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ በውሃና በጥጥ ያወጣዋል። አንቺም አውጥተሽ አሳየሽኝ። የፈቀፈቅሁትን ግን ማንም አይመልሰውም።»

ስለ እኔ ግንባር አንድ ቃል አልተናገሩም። ስለ ድንጋዩ ብቻ ነው የተናገሩት።

ከሥራ አላባረሩኝም። ግን እንደገና ጀሶ በጠበጡና ትንሿን መብራት ሰጡኝ። «ያዢልኝ፤ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ» አሉ። መስቀሉ ዳግመኛ ሲሞላ እኔው መብራት ይዤ ቆምኩ። ከባድ ነበር። ሲያበቁ ዐም ጊርጊስ ነጩን ፎጣ አንሥተው ራሳቸው ሸፈኗትና ጠቀሱኝ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ዘነበች መኪናቸውን አስነሥተው ጥሩምባ ነፉ። ወጣሁና መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

«ግቢ እንጂ፣ ትራፊክ ሳይበዛ ድራይቭ ላድርግ።»

«እትዬ፣ አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«ስነቀስ ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ግን እርስዎ እሺ ወይ ብለው ጠይቀውኛል አይደል?»

«አዎ፤ እሺም ብለሻል።»

«አሁን እምቢ ነው።»

ከዚያ በፊት እምቢ ያልኳቸው ጊዜ የለም። «ታንጉት፣ አንቺ እኮ ድንጋይ ነሽ» አሉና ሞተሩን አጠፉት። ምን እንደነገሩኝ አላወቁም፤ እኔ ግን ሳቄ መጣ። «ሶ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ኩሽና ልትቀመጪ ነው?»

«አይደለም። ፊት ለፊትም እሠራለሁ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔንም አስደነገጠኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሻሼን ሳላስር ምግብ ይዤ ወጣሁ። የፓርኪንጉ ሠራተኛ ያው ቦታው ላይ ተቀምጧል። ገና አፉን ሊከፍት ሲል፣ «አዎ፣ ከዳዊት ተገንጥዬ ነው የመጣሁት። ምን ልታዘዝ?» አልኩት። በዚህ ጊዜ ቤቱ የሳቀው በእሱ ነው። እሱም ሳቀ፤ ዛሬም ድረስ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ካልሆነ አይቀመጥም።

ዓይን አፋርነቴ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም። ሰው የሚበዛበት አውቶቡስ ስሳፈር አሁንም ሻሽ የማስርበት ቀን አለ። ግን ሻሽ ማታ ቤት ስገባ ይፈታል።

ያቺን ራስ ባለቤቷ መጥቶ ወሰዳት። በግንባሯ ልሙጥነት በጣም ተደስቶ እንደነበር ዐም ጊርጊስ ነግረውኛል። የት እንዳለች አላውቅም፤ አንድ ትልቅ ሳሎን ውስጥ ቆማ እንግዳ ያደንቃት ይሆናል። ከጀሶው ሥር መስቀሉ እንዳለ ግን እኔ አውቃለሁ። መብራቱን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ።