አጎቴ ማሳው ላይ ያገኛት የአክሱም ሳንቲም

ዛሬ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በአጎቴ መዳፍ ላይ የአክሱም ንጉሥ አየሁ።

አጎቴ ሰይድ ከደሴ በስተደቡብ ያለችው የሐርቡ ገበሬ ነው። ሲያርስ ጥፍር የምታክል፣ ፊቷ የተፋቀ የመዳብ ሳንቲም አገኘ። ሚስቱ ዘይነባ "የካፖርት ቁልፍ ነው" እያለች ስታሾፍበት ከረመች።

ዛሬ አጎቴን ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህሬ ቤት ወሰድኩት። መምህሬ ሳንቲሟን በማጉያ መነጽር ሲያዩ ቆዩና፣ "የንጉሡ ራስ ይታይዎታል?" አሉት። "ከጀርባዋ መስቀል አለ። መሃሉ ላይ የቀረችው ቢጫ ነጥብ ወርቅ ናት። መዳብን በወርቅ መለበጥ የአክሱሞች ጥበብ ነው።"

አጎቴ ወርቅ ሲባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስንት ታወጣለች፣ መምህር?" አለ።

"ቅርስ አይሸጥም። ቢሸጥም እንዲህ ተፍቃ ብዙ አታወጣም። ግን የአክሱም ገንዘብ እናንተ ዘንድ መድረሱን ትመሰክራለች።"

ይከፋዋል ብዬ ነበር። እሱ ስልኬን ተቀብሎ ደወለ፦ "ዘይነባ፣ ወላሂ፣ ቁልፍ አይደለም፣ የአክሱም ሳንቲም ናት! ከኔ በፊት ማሳችንን የረገጠው ሰውዬ ኪሱ ቀዳዳ ነበር።" (ሳቋ ሳሎኑን ሞላው።)

ከዚያ ሳንቲሟን ወስደን ለባህል ጽሕፈት ቤት አስረከብን። ጸሐፊዋ "ያገኘው ሰው" በሚለው ቦታ ስሙን ስትጽፍ፣ አጎቴ ሦስት ጊዜ አስነበባት።

እናንተስ ስታርሱ ወይም ግቢ ስትቆፍሩ ምን አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።