የአደ ሶሬቲ ሲንቄ

ይህ የገጠመኝ አብዮቱ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አሰላ ውስጥ ነው። አሁን ሸምግያለሁ። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሙሉ የምፈልግ ሰው ሆኛለሁ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ምኑም አልጠፋኝም። ቢጠፋኝ በወደድኩ።

ያኔ አኮርዲዮን እጫወት ነበር። የከተማው ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው በአንድ አዳራሽ ጥግ ጋሻ፣ ጦር፣ ክራር፣ ኮርቻና የወተት ዕቃ ሰብስበው ነበር። «ሙዚየም» እንለዋለን፤ ስሙ ከዕቃው ይበልጥ ነበር። የእኛ የሙዚቃ ቡድን የሚለማመደውም እዚያው ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከዕቃዎቹ ጋር አብረን እንታያለን።

ከሁሉም ደህና ቦታ የተሰጣት፣ በመስታወት ሳጥን የተቀመጠችው ሲንቄ ነበረች። ሲንቄ የአርሲ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ያገባች ሴት ክብሯ እሷ ናት። ሰዎች ሲጣሉ ሲንቄዋን ይዛ መሃል ከገባች አልፏት የሚማታ የለም። ይህችኛዋ የአደ ሶሬቲ ነበረች፤ አደ ማለት ወይዘሮ ነው። አደ ሶሬቲ በሳጉሬ መንገድ ካለ መንደር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ኮሚቴው ለሙዚየሙ ምርቃት ቀን ብቻ ብሎ ከእሳቸው ተውሶ፣ ሳይመልስላቸው ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ብቻዬን ስለማመድ ልጃቸው ከዲጃ ገባች። የልጆች እናት ናት። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል።

«ወንድሜ፣ አዮ ሞተች» አለችኝ። እናቷን ማለቷ ነው። «ዛሬ ጠዋት። ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በፊት ትቀበራለች። ሲንቄዋን ስጡኝ።»

ምን ብዬ እንደማጽናናት ሳስብ ቀጠለች። «እኛ ቤት ሴት ስትሞት ልጇ መቃብሯ ላይ ሲንቄዋን ትሰብራለች። እስከዚያ ማንም አይሰብራትም። ካልሰበርኩ እናቴን አልሸኘሁም። ለኮሚቴው ስጪያቸው ብዬ አዮን የለመንኳትም እኔው ነኝ።»

ዘበኛው ጋሽ ወልዴ በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። «የሙዚየሙ ኃላፊ አዲስ አበባ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ብነካት እንጀራዬ ነው የሚቆረጠው» አሉ።

«ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎም እኮ እናት ነበረችዎት» አልኳቸው።

ባልዲያቸውን አነሱና «እኔ ውሃ ልቀዳ ሄጃለሁ፤ ያየሁት ነገር የለም» ብለው ወጡ።

አኮርዲዮኔን በምጠግንበት ካቻቢቴ የሳጥኑን ብሎኖች ፈታሁ። እውነቱን ለመናገር ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። መስታወቱን አንስቼ ሲንቄዋን ቀይ ጨርቅ ከተጠመጠመባት መሃሏ ላይ ይዤ ሳብኳት። ግማሿ እጄ ላይ ቀረ። ግማሿ ሳጥኑ ውስጥ ወደቀ።

በመጋዝ ተቆርጣለች። ለካ ሳጥኑ አጥሮ ኖሯል። ያሠራው ሰው ሌላ ሳጥን ከማሠራት በትሯን ማሳጠር ቀሎታል። ከመሃሏ ቆርጠው ጥለው፣ የቀሩትን ሁለት ጫፎች ገጥመው በጨርቅ ሸፍነውታል። ያን ሁሉ ጊዜ ፊቷ ቆሜ ስጫወት አላወቅሁም።

ከዲጃ አላለቀሰችም። ሁለቱን ቁራጭ ተቀብላ የተቆረጠውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው።

«እናቴ እኮ ዛሬ ጠዋት ነው የሞተችው» አለች በቀስታ። ቀና ብላም «እንግዲህ እዚያ ሄጄ ምን ልስበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቁራጮቹን ከፎጣዋ ስር ደብቃ ወጣች።

ኃላፊው ሲመለስ ብዙም አልተቆጣም። ሌላ በትር አሠራ፤ በሳጥኑ ልክ። ጋሽ ወልዴም ከሥራቸው አልተነሱም። እኛም እንግዳ ሲመጣ መጫወታችንን ቀጠልን።

ከወራት በኋላ ሳጉሬ ገበያ ከከዲጃ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። መሸሻ ባገኝ እሸሽ ነበር። እንደምንም ብዬ የዚያን ቀን እንዴት እንደሆነች ጠየቅኋት።

«ወንዶቹ ቀብረው ሲመለሱ እኛ ሴቶቹ ሄድን» አለች። «ጀርባዬን ሰጥቻቸው መቃብሩ ላይ ጎንበስ አልኩ። ከመሬት ደረቅ ጭራሮ አንስቼ ቀጭ አደረግኩ፤ ድምፁን ሰሙ። ከዚያ መጋዙ የነካውን ጫፍ በእጄ ጨብጬ ሁለቱን ቁራጭ አሳየኋቸው። ሁሉም አለቀሱ።»

«ማንም አላወቀም» አለችኝ፤ «ከአዮ በቀር።»

አኮርዲዮኑን ከሸጥኩት ቆየ። የተጫወትኳቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ ጠፍተውኛል፤ አልቆጭም። በጆሮዬ ያልሰማሁት የዚያ ጭራሮ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ በተሰማኝ ቁጥርም አዝናለሁ።