እጄ ከአፌ የደረሰበት ቀን

ሞጣ ከተማ ስፖርት የምታስተምረው ልጄ ሕይወት ባለፈው ሳምንት ደወለችና፣ አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀበሉኝ አለችኝ። ምን ልትማሪ ብላት፣ "የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ" አለች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ሳይንሱ አይገባኝም። የገባኝ የመንገዱ ርቀት ነው።

"ለሩጫም ማስተርስ አለው እንዴ? ሥራ አለሽ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢቸና መጥተሽ አይሻለሁ። ምን ጎደለሽ?" አልኳት።

"እማዬ፣ ሩጫ ብቻ አይደለም። ስብራቱ የዳነለት ሰው እንዴት እንደገና እንደሚንቀሳቀስም እንማራለን። ሆስፒታል የሚቀጠሩ አሉ፤ ከስፖርት ቡድን ጋር የሚሠሩ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩም አሉ። አስቢበትና ነገ ንገሪኝ። እምቢ ካልሽ አልሄድም።"

ይህ ቃሏ ቀኑን ሙሉ ከበደኝ። ምስር እየለቀምኩ ሳስብ ሳስብ የልጅነት አስተማሪዬ መምህር ከድር ትዝ አሉኝ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከምንጭ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ጭቃው አንሸራተተኝና ቀኝ እጄ ከክርኔ ዝቅ ብሎ ተሰበረ። አባቴና እናቴ በበቅሎ አድርገው ደብረ ወርቅ፣ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ወጌሻው እጄን ቀጥ አድርገው ከብብቴ እስከ መዳፌ በቀርከሃ አሰሩት። "በሦስተኛው ሳምንት ፍቱት። ቅቤ እየቀባችሁ እሹት፤ እጠፉት፣ ዘርጉት" ብለው አሰናበቱን።

ሦስተኛው ሳምንት ፍልሰታ ውስጥ ገባ። እናቴ ደግሞ ጾም ላይ ቀልድ አታውቅም። "ቅቤ በጾም ልጄን አይነካትም" አለች። ጎረቤት በኑግ ዘይት እሺያት ቢላት፣ ወጌሻው ዘይት አላሉም ብላ አሻፈረኝ አለች። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ "ትንሽ ይጥና" እያለች እስከ እንቁጣጣሽ ሳትፈታው አቆየችው። በኋላ የነፍስ አባታችን ሲሰሙ፣ "አንቺ ሴት፣ አትብሉ ተባለ እንጂ አትቀቡ ማን አለ?" ብለው ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ምክንያቱም ቀርከሃው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፣ ክርኔ ግን አልታጠፍ ብሏል። በእንቁጣጣሽ ዕለት ከመሶቡ የቆረስኩት እንጀራ አፌ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ። በግራዬ ጎረስኩ። አክስቴ አየችኝና፣ "ኧረ ጉድ! ይቺ ባሏንም በግራዋ ልታጎርስ ነው!" አለች። ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ከዚያ ወዲያ እኔ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን መብላት ጀመርኩ።

ትምህርት ሲከፈት የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን መምህር ከድር ሆኑ። የሞጣ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ከሜዳው ዳር ቆሜ አይተውኝ፣ "አንቺ፣ እጅሽ ዱላ ውጧል እንዴ?" አሉኝ። አለቀስኩ። ቀልዱን ትተው አጠገቤ ተቀመጡና ከአውራ ጣቴ እስከ ከንፈሬ ያለውን ለኩ። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ሆነ።

"ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆይው። ከዚያ በግራሽ እየደገፍሽ እጠፊው። አታስገድጂው፤ ለምኚው። በየሐሙሱ እለካዋለሁ።"

እናቴ ይህን ስትሰማ በማግስቱ ትምህርት ቤት መጣች።

"መምህር፣ እርስዎ ኳስዎን ያስተምሩ። እጇን ለኔ ይተዉልኝ።"

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ አጥንቱ ድኗል። የቀረው መገጣጠሚያውን ማላመድ ነው።"

"ደግሞ ቢሰበርስ?"

"እንግዲያው እርስዎ ይጠፉት። የት ላይ ማቆም እንዳለብዎት ከእናት በላይ ማን ያውቃል?"

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። በማግስቱ ግን ማለዳ ውኃውን ለብ አድርጋ ጠበቀችኝ። ዓይኗን ጨፍና፣ "ድንግል፣ ድንግል" እያለች ክርኔን ታጥፈው ጀመር። እኔ ስጮኽ እሷ ታለቅስ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ግን ስንዝሩ እያጠረ ሄደ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ማሳ ዳር ተቀምጠን የባቄላ እሸት እንበላለን። ወሬ ይዞኝ ነበር፤ ሳላስበው አንዷን ፍሬ በቀኜ አፌ ውስጥ ከተትኳት። እናቴ ወሬዋን አቋረጠች። እልል ትላለች ስል፣ ሌላ ፍሬ ፈልፍላ ሰጠችኝና "ድገሚው" አለች። ደገምኩት። "ድገሚው።" ሆዴ እስኪነፋ ድረስ አበላችኝ።

ለመምህር ከድር በግ ማረድ ፈልጋ ነበር፤ እኛ ያረድነውን እንደማይበሉ ታውቃለችና ወለላ ማር ላከችላቸው። እኔ ግን አፍሬ አንዲት የምስጋና ቃል ሳልነግራቸው ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። ያኔ እሳቸው የሚሠሩት ሥራ ትምህርት አለው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በአምስት ሳምንት ውስጥ ዕድሜ ልኬን ከሰው ጋር አብሬ እንድበላ አደረጉኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

እናቴንም አልወቅሳትም። እጄን አስራ ያቆየችውም በኋላ ያጠፈችውም ስለወደደችኝ ነው። እኔም ልጄን ቢቸናና ሞጣ መካከል ላስቀራት ስል የነበረው ስለምወዳት ነው። ልዩነቱ፣ እናቴ የሚነግራት ሰው ሲመጣ መስማቷ ነው፤ እኔ ግን ልጄ ስትነግረኝ ገና አልሰማሁም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ደወልኩና "ሂጂ" አልኳት።

"እማዬ፣ አልፈራሽም?" አለችኝ።

"ፈርቻለሁ። እሱን እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ እችለዋለሁ። አንቺ ልብስሽን አዘጋጂ።"