አቶ ኦይታ ባንክ ተጠሩ
ይህ የገጠመኝ አምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሳስበው ዛሬም ሰውነቴን ይቀዘቅዘኛል።

ጂንካ ከተማ መምህር ነኝ። ዱካ የሚባል፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ካለችው ዱስ መንደር የሆነ ሰው አለ፤ ልጁ ተማሪዬ ናት። የእግሯ አጥንት አመርቅዞ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሞቹ፣ አዲስ አበባ ሄዳ በቶሎ ካልታከመች እግሯ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገሩን። በፊት ዱስ እነዱካ ዘንድ የሰነበተ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ይህን ሲሰማ፣ ወጪውን እኔ እልካለሁ አለ።

የባንኩን ዝርዝር የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ማስረዳት ስለምወድ ለዱካም አስረዳሁት። ስዊፍት ኮድ የባንኩ አድራሻ ነው፤ ፊደላቱ የትኛው ባንክ፣ የትኛው አገር እንደሆነ ይናገራሉ። የሂሳብ ቁጥሩ ደግሞ የራስህ ቤት በር ማለት ነው አልኩት።

«ቲቸር፣ የኔ በር ቁጥር የለውም። ፍየሎቼ ግን ተሳስተው አያውቁም» ብሎ ሳቀብኝ።

ገንዘቡ መጥቷል ተብሎ ሲደወልልኝ አብረን ሄድን። አዳራሹ ሞልቷል። ተራ ይዘን ቁጭ እንዳልን የመስኮቷ ሠራተኛ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተጣራች።

«አቶ ኦይታ! ከውጭ ገንዘብ ተልኮልዎታል! አቶ ኦይታ የሉም?»

ዱካ ክንዴን ጨመደደኝ።

«አባቴን ነው የምትጠራው!»

አባቱ ከሞተ ቆይቷል። የቀበረው ዱካ ራሱ ነው።

ዱካ ብድግ ብሎ ወጣ። እየሮጥኩ ደረስኩበት። በእንግዳው አገር ቅጽ ላይ የአባት ስም ይቀድማል፤ «ዱካ ኦይታ» በማለት ፈንታ «ኦይታ ዱካ» ብሎ ሞልቶ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም አልኩት። አልሰማኝም።

«የልጄ መታከሚያ በሟች ስም ተጠራ፤ አባቴ ልጄን ወደ እሱ እየጠራት ነው። ዛሬውኑ ከሆስፒታል አውጥቼ አገሯ እወስዳታለሁ» አለ።

ለመንኩት። ቢያንስ እናትህን ጠይቅ አልኩት። ዱስ ደወለ። በቋንቋቸው ሲያወሩ ቆሜ ፊቱን አየሁ። ቆይቶ ትከሻው ረገብ አለ።

«ምን አሉ?»

«‹አባትህ ሊወስዳት ቢፈልግ ገንዘብ ምን ያደርግለታል? ለልጅ ልጁ መቼ ሰስቶ ያውቃል? ተመለስና ተቀበል› አለችኝ።»

ተመለስን። ስሙ ከላኪው ባንክ ታርሞ እስኪመጣ ቀናት ወሰደ፤ ግን ገንዘቡ በጊዜ ደረሰላት፤ አዲስ አበባ ሄዳ ታከመች። ልጅቷ ዛሬ ትንሽ እያነከሰች ክፍል ትገባለች።

ያን ኮድ ፊደል በፊደል አረጋግጬ ስለነበር ሁሉንም ነገር የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። በዚያች ሰዓት ዱስ ኔትወርክ ባይኖር ኖሮስ? ልጅቷን ሰሌዳው ፊት ቆማ ባየኋት ቁጥር ይህን አስባለሁ፤ የማስተምረውም ይጠፋኛል።