ከፉሪ ተዳፋት በላይ የተቆፈረው ቦይ

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ጸሐፊ መስዬው ወደ ጽሕፈት መኪናው ጠቆመኝ። የተቀጠርኩት በአፈር መሐንዲስነት መሆኑን ነገርኩት። ይቅርታ አልጠየቀም፤ የእጅ መሰርሰሪያ እንዲሰጠኝ አዘዘ።

በሦስተኛው ክረምት ወደ ፉሪ ተራራ ላከኝ። ከተራራው ሥር ሰባት ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ከበላያቸው ቀበሌው በዘመቻ ረጅም ቦይ አስቆፍሯል። የዝናብ ውሃ እንዳይባክን ታስቦ ወለሉ ዝንባሌ የለውም፤ ሁለቱም ጫፎቹ ተደፍነዋል።

የዚያ ተዳፋት አፈር በስብሶ ሸክላ የሆነ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ከሥሩ ጠንካራ ዐለት አለ። ሰርጎ የገባው ውሃ ዐለቱ ላይ ሲደርስ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ግፊቱ በጨመረ መጠን አፈሩ ዐለቱን የያዘበት ኃይል ይቀንሳል።

ጉድጓድ ሰርስሬ የተበሳሳ ቱቦ ከተትሁ፤ በየጠዋቱ የውሃውን ከፍታ ለካሁ። ዝናብ ባልጣለባቸው ቀናትም ከፍ ይል ነበር። የሚመግበው ቦዩ ነው።

ቤታቸው ከሁሉም ለቦዩ የሚቀርበው ገበሬው ኦቦ ቶለሳ ጓሯቸውን አሳዩኝ።

«ቀበሌው ቧንቧ ቢከለክለኝ ምንጭ ፈለቀልኝ ብዬ ጎረቤት ላይ ስኮራ ከረምኩ» አሉ። «ከትናንት ጀምሮ ግን ደፈረሰ፣ ልጄ።»

የደፈረሰ ምንጭ አፈሩ ከውስጥ እየታጠበ መሆኑን ያሳያል። የቦዩ አንድ ጫፍ ተከፍቶ ውሃው ወደ ወንዙ እንዲወርድ የቀበሌውን ሊቀመንበር ጠየቅሁ።

«ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ በላቡ የቆፈረውን አፍርሱ ነው የምትይው?» አለ። «በጽሑፍ አድርጊውና እንየው።»

በጽሑፍ አደረግሁት። ቦዩ ዛሬውኑ ይከፈት፣ ሰዎቹም ይውጡ አልኩ። ኃላፊዬ ሁለቱንም ሰርዞ «ክትትል ያስፈልገዋል» የሚል ተካበት፤ በዘመቻ ሥራ ላይ ጣቱን የሚቀስር ሰው ምን ስም እንደሚሰጠው አስታወሰኝ። ፈረምሁ።

በማግስቱ የቱቦውን ውሃ ልለካ ስወጣ ኦቦ ቶለሳ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አንብቦላቸዋል።

«አንቺ ነሽ የፈረምሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እንቆያለን» አሉ።

ውጡ ልላቸው እችል ነበር፤ አላልኩም።

ተዳፋቱ የወረደው ከሁለት ቀን በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። የኦቦ ቶለሳ ባለቤት ከቤት አልወጡም ነበር። ኦቦ ቶለሳ ማሳቸው ላይ ስለነበሩ ተረፉ። ከዚያ በኋላ አላነጋገሩኝም፤ እኔም አልሞከርኩም።

ኃላፊዬ የአደጋው አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ምክንያቱን ከባድ ዝናብ ብሎ ጻፈ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ የለካችሁትን መጀመሪያ ከተዳፋቱ ሥር ለሚኖሩት ንገሩ። ሪፖርቱ ከዚያ በኋላ ይጻፋል።